ሽማግሌ የላክንበት ክረምት

ሰኔ 24

ትምህርት ቤቱ የማስረከቢያውን ቀን አሳጠረው። ያዘዙንን ዴስኮች ለመስከረም ሳይሆን ለነሐሴ መጨረሻ አድርሱልን አሉ፤ ክፍሎቹን አሰናድተው ለወላጆች ሊያስጎበኙ ነው። አጎቴ አብደላ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ እንደ ጀግና ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ወርክሾፑ የእሱ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ብሎ ያስቀመጠኝም እሱ ነው። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝን ሰው ፊቱን እያየሁ "አይደርስም" ማለት አልለመደብኝም።

ከሰዓት መሰንጠቂያው ማሽን ጋ ቆሜ አየሁ። ሠራተኛችን መዝገቡ ጣውላውን ሲገፋ የመጋዙ መከለያ ይይዝበታል። ያቆማል፣ ያስተካክላል፣ እንደገና ይገፋል። ሰዓቴን አየሁ። "እስክናስረክብ ድረስ ይሄ መከለያ ይነሳ" አልኩ። ብሎኑን ፈቱት፤ ብረቱን ቢሮዬ በር ኋላ አስቆምኩት። መዝገቡ ራቁቱን የቀረውን መጋዝ አየና "እትዬ ሀይፋ፣ ጥርሷን ገለጠችልን እኮ!" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነትም ሥራው ፈጠነ።

ሐምሌ 3

ዝናብ። መብራት ጠዋት ጠፋ፣ ከሰዓት መጣ። ሲመጣ ሁሉም ሩጫ። ኮላ አልቋል። ሳያት ራሷን አመማት (የመዝገቡ እህት ናት፣ ቫርኒሽ ክፍል የምትሠራው)፤ ወደ ቤት ሰደድኳት። ዛሬ ደግ ነበርኩ።

ሐምሌ 9

መዝገቡ እጁን።

አልችልም። ነገ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 10

ቀኝ እጁ ነው። ሦስት ጣት። አውራ ጣቱና ትንሿ ብቻ ተርፈዋል።

ቤቴል ያለው ክሊኒክ ደሙን አቁሞ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከን። በአጎቴ መኪና፣ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ እጁን በሻርፔ ጠቅልዬ ወደ ላይ ይዤ። አየር ጤና አደባባይ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ዓይኑን ከፈተና "እትዬ፣ ጣውላው ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። የጠየቀኝ ይህን ነው።

ሐኪሙ "መጋዙ መከለያ የለውም?" ሲል አጎቴ ቀደመኝና "ልጁ ቸኩሎ ነው" አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም፤ ደግሞም ደንግጬ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግን አጎቴን ወደ ጎን ስቤ መከለያው እንዳልነበረ ነገርኩት። "ለእኔ ነገርሽኝ። ለሌላ ለማንም አትንገሪ፤ ብሎኑን የፈቱትን እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ" አለ። ተገላገልኩ። ያሳፍራል፣ ግን ተገላገልኩ።

ሐምሌ 12

እናትየው እማማ የሺእመቤት ከሳንሱሲ መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥፍሮቼ የሚያርፉበት አጥተው ያመጣሁትን የብርቱካን ከረጢት ሲቦጫጭቁ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው ጉንጬን ሳሙኝና "እጁን ይዘሽለት መጣሽ አሉኝ፤ እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉ።

ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሐምሌ 15

አጎቴ ወሬ ሰምቷል። የመዝገቡ አክስት ልጅ "ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ክሰሱ፣ ካሳ አለው፣ ሕግ ነው" ብሏቸዋል። እርግጥ ሕግ ነው። ኢንስፔክተር ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ ማሽን ነው። ወርክሾፑ ቢታሸግ ትምህርት ቤቱ ትዕዛዙን ለሌላ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ሁሉ በክረምት ቤቱ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ አጎቴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነገረኝ። "ሀይፋ፣ ልጄ፣ እጁን መመለስ አይቻልም። የቀረውን እናድን። በሽማግሌ ይለቅ።"

እሱ ያሰበው ከገበያ የሚያውቃቸውን ነጋዴዎች ነበር። "እነሱን እምቢ ሊሏቸው ይችላሉ" አልኩት። "ጋሽ ሰብስቤን ብንልክስ?" ጋሽ ሰብስቤ የሳንሱሲ እድር ዳኛ ናቸው። የመዝገቡን አባት ያስቀበሩ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘገቡ እሳቸው ናቸው። እማማ የሺእመቤት ጋሽ ሰብስቤን አቁመው "አይሆንም" የሚሉበት አንደበት የላቸውም። አጎቴ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ለሥራው ትክክለኛውን ሰው መምረጥ፤ የማታ ማስተርሴን ስማር ጥሩ ውጤት ያመጣሁት እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 18

ጋሽ ሰብስቤ ቢሮዬ መጡ። ዝናቡ አበስብሷቸዋል። ዣንጥላቸውን ተቀብዬ ከበሩ ኋላ መከለያው ላይ አስደገፍኩላቸው። ሻይ አስመጣሁ፤ አልነኩትም።

"ልጄ፣ እኔ ሰው ደጅ የምቆመው ጥፋቱን አውቄ ነው። ጥፋቱን የማያውቅ ሽማግሌ አስታራቂ ሳይሆን አጃቢ ነው። ንገሪኝ፤ ጥፋቱ የማን ነው?"

"ልጁ ቸኩሎ ነው፣ ጋሼ።"

"ማሽኑስ ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር።"

ማሽኑ እውነትም ደህና ነው። ሞተሩ ከታደሰ ዓመት አልሞላውም።

ትንሽ አዩኝና "እንግዲያው ጥሩ ነው። ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን ሽማግሌ መላካችሁ ደግነት ነው" አሉ። ዣንጥላቸውን አንስቼ ሰጠኋቸው። እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ ከዚያ ወደ ባኞ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ።

ሐምሌ 21

ሄዱ። ተሳካ። አጎቴ "አልሐምዱሊላህ" ሲል ከቢሮዬ ሰማሁት።

ሲነግሩኝ እንዲህ ነው፦ ጋሽ ሰብስቤ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ደጃፉ ላይ በዝናብ ቆሙ። እማማ የሺእመቤት "ኧረ ግቡ፣ ኧረ ተቀመጡ" ቢሏቸው "የመጣንበትን ካልሰጡን አንቀመጥም" አሉ። እሳቸውም "እናንተን የሚያህል ሰው በዝናብ አቁሜ ምን አፍ አለኝ? ለእግዜር ስል ትቻለሁ። ለክስ የትም አልሄድም" አሉ።

በዝናብ አቁሜ! የቆሙት በእኔ ቃል ነው። ሐምሌ 25 እርቅ ይሁን ተባለ፤ ግብዣው ከእኛ።

ሐምሌ 26

ትናንት እርቁ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ሱብሂ ከሰገድኩ በኋላ ዱዓ ለማድረግ እጄን አነሳሁና የምለው ጠፋኝ። ይኸው ደብተሬን ያዝኩ።

ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥረን፣ ያልተቀቡ ዴስኮች ደርድረን ተቀመጥን። ሥጋ ቢሆን የእስላም የክርስቲያን ተብሎ ገበታው ለሁለት ይከፈል ነበር፤ እርቅ ነውና ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ሽሮና አትክልት አዘዝኩ። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። መዝገቡ ቀኝ እጁ ታስሯል፣ በግራው መብላት ደግሞ አፈረ። እናቱ እንደ ሕፃን አጎረሱት። ሳያት ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ነበር።

ከዚያ ጋሽ ሰብስቤ ተነሱ። "እርቅ የአንድ ወገን አይደለም። ድርጅቱ ልጁን አሳክሟል፤ ሲድን የበር ጥበቃ አደርገዋለሁ ብሏል፤ ይህ ደግነት ነው። በእሱ ችኮላ ደግሞ ሥራ ተፈትቷል፣ ሰው ደንግጧል። ስለዚህ መዝገቡ፣ ተነስ፤ እትዬህን ይቅርታ ጠይቅ።"

ይህ እንደሚመጣ አላሰብኩም ነበር። ወላሂ አላሰብኩም። ግን ልማዱን አውቀዋለሁ፤ ሁለቱም ወገን ይቅር ይባባላል፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። እንዴት አላሰብኩም?

ተነሳ። የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም። ልይዘው ይገባኝ ነበር፣ "ኧረ ተው" ልለው ይገባኝ ነበር፤ ደርቄ ቀረሁ። ጉልበቴ ላይ እንደተደፋ ቀስ ብሎ "ለማንም አልተናገርኩም፣ እትዬ። ለእማዬም አልነገርኳትም። ሳያትን አደራ" አለኝ።

ሁሉም ይጠብቃሉ። "ይቅር ብያለሁ" አልኩ።

አጨበጨቡ። ጋሽ ሰብስቤ መረቁን። ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ! የትኛውም ሌባ የዘረፈውን ሰው ይቅርታ አስጠይቆ አያውቅም።

ነሐሴ 2

መዝገቡ በሩ ላይ ሥራ ጀመረ። ጠዋት ስመጣ ብድግ ብሎ በግራ እጁ በሩን ይከፍታል። "እንደምን አደሩ እትዬ።" እኔ ስልክ እንደማወራ ሆኜ ገባሁ። ማንም አልደወለልኝም ነበር።

አጎቴ ከማሽኑ በላይ "ጥንቃቄ ይደረግ" የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም አስለጠፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በመዝገቡ ቦታ ቀዳማዊ የሚባል ልጅ ቀጠርን። ፈጣን ነው። ዴስኮቹ ይደርሳሉ ኢንሻአላህ።

ነሐሴ 6

ቫርኒሽ ክፍሉ ጋ ሳልፍ ሳያት ለጓደኛዋ ስትል ሰማኋት፦ "ቸኩሎ ነው ይላሉ። ወንድሜ ቸኩሎ አያውቅም። ጫማውን ሲያስር እንኳ አውቶቡስ የሚያመልጠው ልጅ ነው።" ስታየኝ ብሩሿን አንስታ መቀባት ጀመረች። "በርቱ" አልኩ። በርቱ! ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ነሐሴ 10

ባለቤቴ ፈሀድ "ምን ሆነሻል? ስትበይ አላይሽም" አለኝ። "ጉንፋን ነው።" "የአንድ ወር ጉንፋን?" ሳህኔን አነሳሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኛ ዘንድ ተገልብጧል። መዝገቡ ቀልዱን ጀምሯል፣ ከሹፌሮች ጋር ይሳሳቃል፤ የምሳቀቀው እኔ ነኝ። ብነግራቸውስ? ብነግራቸው አጎቴን አዋርደዋለሁ፤ ትዕዛዙ ይቀራል፤ ሠራተኛው ይበተናል፤ ሳያትም አብራ። ባልነግራቸው ካሳውን አስቀርቼበታለሁ፣ ስሙንም ወስጄበታለሁ። አየር ጤና ያለ ወርክሾፕ ሁሉ "ያ ቸኩሎ እጁን ያስበላው" ይለዋል። ካስረከብን በኋላ እናገራለሁ። ሥራው ይለቅ ብቻ።

እያፈርኩ ነው። እውነቴን ነው፤ በጣም እያፈርኩ ነው።

ነሐሴ 15

ሁለት ጭነት ወጣ። ቫርኒሽ አይደርቅም፣ እርጥበት። ቀዳማዊ ያለ ምሳ። አጎቴ ደስ ብሎታል። እግሬ አብጧል።

ነሐሴ 20

ጣውላ የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔ መስኮቴን ከፍቼ። ሹፌሩ መዝገቡን "እጅህ ምን ሆኖ ነው?" አለው።

"ችኮላ ነዋ! ሠርግ የሚጠብቀኝ ይመስል ስገፋ፣ ስገፋ..." ብሎ ሳቀ። "ማሽኗ ምንም አልነበራትም። ጥፋቱ የራሴ ነው።"

ውሸቱ የእኔ ነው፤ ቃሉም የእኔ ነው። እሱ እንደ ራሱ ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል፣ በሳቅ። ምናልባትም ማታ ማታ ያምነው ጀምሯል። መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚህ በኋላ ማስረከቢያ አልጠብቅም።

ነሐሴ 22

ሳንሱሲ ሄድኩ። ጋሽ ሰብስቤ ቤት፣ ብቻዬን፣ ለአጎቴ ሳልናገር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መከለያው ይነሳ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ልጁ እንዳልቸኮለ፣ የቸኮልኩት እኔ መሆኔን፣ እሳቸውን የመረጥኩት እምቢ እንዳይባሉ መሆኑን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

"መከለያው አሁን የት ነው?" አሉኝ።

"ቢሮዬ።"

"ማሽኑስ?"

"ይሠራል።"

"ማን አለበት?"

"ቀዳማዊ የሚባል ልጅ።"

"አሁን? እዚህ ቁጭ ብለን ስናወራ?"

ያ ብረት ከቢሮዬ በር ኋላ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ዣንጥላ ሲያስደግፉበት ከረመ። አየዋለሁ፣ አልፈዋለሁ፣ ተቀምጬ አፈርኩ እላለሁ። ማፈር ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

"ስልክሽን አውጪ" አሉኝ። እፊታቸው ወርክሾፑ ደወልኩ። "ማሽኑ ይቁም፣ አሁኑኑ፣ መከለያው እስኪገባ ማንም እንዳይነካው" አልኩ። ከወዲያ "ማስረከቡስ እትዬ?" የሚል ድምፅ መጣ። "ይቁም አልኩ!"

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሰብስቤ ተነሱ። ከኋላ ሳያቸው ያረጁ መሰሉኝ። "ያ እርቅ ፈርሷል። ውሸት ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝና ነገ ሄጄ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ሴትዮዋ የሰጡኝን ቃል መልሼ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ይሂዱ፣ ፍርድ ቤት ይሂዱ፣ እነሱ ያውቃሉ።"

"እኔም አብሬዎት ልምጣ?"

"ምን ልትሆኚ? ሥራ ቦታሽ ተቀመጪ፤ ሲፈልጉሽ እንዲያገኙሽ።"

እስከ በሩ አልሸኙኝም።

ነሐሴ 24

ለአጎቴ ነገርኩት። በጥፊ የመታሁት ያህል ደነገጠ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ሽማግሌ ፊት አሳፈርሽኝ" አለ።

"አፍረናል እኮ አጎቴ። የቀረው መታወቁ ነበር።"

"ስንት ቤት የሚበላበት ቦታ ነው ይሄ? አሰብሽበት?"

"አሰብኩበት። ማሽኑ ላይም ሰው አለ።"

አላናገረኝም። ማታ ላይ ግን የዛሬውን ምርት ሲጠይቅ ሰማሁ፤ መከለያው ገብቷል፣ ሥራው ዘግይቷል ሲሉት "እንደሚሆን ይሁን" አለ። ለትምህርት ቤቱ አይደርስም ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ። ጮኹብኝ። ቀሪውን እንቀበል አንቀበል ተሰብስበን እንወስናለን አሉ። ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ አደጋውን ያስመዘገብኩትም እኔ ነኝ። እንደ ጀግንነት አልጽፈውም፤ በሐምሌ 10 ሊደረግ የሚገባው ነው።

ነሐሴ 26

ዛሬ እማማ የሺእመቤት መጡ።

ሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ግቢ ውስጥ እያለ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ መዝገቡ አጠገብ ቆሙ። ወጥቼ ሄድኩ። ሳያት ከቫርኒሽ ክፍሉ ወጣች። ማሽኑ ቆመ፤ ማን እንዳቆመው አላውቅም።

"ይግቡ እማማ፣ ቢሮ እንቀመጥ" አልኩ።

"እዚሁ ይሻላል። ልጄ እጁን ያጣው ባዘዝሽው ነገር ነው፣ አይደለም?"

"ነው።"

"ያ ቀን፣ ጉልበትሽ ላይ ሲደፋ፣ እሱ እንዳልበደለሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አውቀሽ ይቅር ብያለሁ አልሽው።"

"አዎ፣ እማማ።"

መዝገቡ "እማዬ በቃ፣ ተይ" ይላል፤ መሬት መሬት እያየ፣ እሱ ያጠፋ ይመስል።

"እጁን ሕግ ይየው። መጋዝ ነው፣ ብረት ነው፣ ሰውም ይሳሳታል፤ እሱን ለእግዜር ሰጥቼ አድር ይሆናል። ልጄን ሰው ፊት ማስጎንበስሽን ግን ምን አድርጌ ልተወው?"

እንባዬ መጣ። ያኔ ያልኩትን የምክስበት ጊዜ አሁን ነው ብዬ "እኔም እዚሁ፣ ሁሉም እያየ ልጎንበስለት። እግሩን ልሳም" አልኩና ወደ መዝገቡ ዞርኩ። ጉልበቴን ማጠፍ ጀምሬ ነበር።

እማማ የሺእመቤት ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ጠንካራ ነው።

"አትጎንበሺ" አሉኝ። "አንቺ ከጎነበስሽ ሰው ሁሉ ይቅር በላት ይለዋል። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ይልሻል። ይቅርታውን እንኳ ለራሱ ተዪለት።"

ቆሜ ቀረሁ። መዝገቡ የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ የጥበቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ በግራ እጁ በሩን ከፈተላቸው፤ አብረው ወጡ።